ከልጅ ልጄ የቀማሁት መጽሐፍ

ባለፈው ሳምንት ስለ ሕፃናት ተቅማጥ ነበር የተጨዋወትነው። ዛሬ ከመድኃኒቱ ወጣ ብዬ ስለ መጽሐፍ ላወጋችሁ ነው። «ሲስተር፣ ደግሞ ከልብ ወለድ ጋር ምን አገናኘዎት?» የምትሉኝ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ነገሩ የጀመረው ከገዛ ቤቴ ነው፤ ጥፋቱም የእኔው ነው።

11 ዓመት የሆናትን የልጅ ልጄን የማሳድጋት እኔ ነኝ። እናቷ ዓረብ አገር ለሥራ ከሄደች 3 ዓመት አልፏታል። አባቷ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ከጂቡቲ መንገድ ሲመለስ አዳማ ላይ አንድ ሁለት ቀን አርፎ ደግሞ ይወጣል። ልጅቷ እኔን የምትጠራኝ በአባቷ ቋንቋ «አኮ» እያለች ነው። ትምህርት ቤት በተዘጋ ሰሞን አንድ ሌሊት ብነሳ፣ ብርድ ልብሱ ውስጥ መብራት ይታየኛል። ገልጬ ባይ በስልክ ብርሃን መጽሐፍ ታነባለች። ከመንገድ ዳር መጽሐፍ ሻጭ አባቷ የገዛላት አሮጌ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው። ሽፋኑ ላይ ትልቅ አንበሳ አለ። የእኔ እንግሊዝኛ አብዛኛው የበሽታና የመድኃኒት ስም ነው፤ ከአርእስቱ አንዷን ቃል ግን አወቅኋት። ጠንቋይ ማለት ናት።

«በእኔ ቤት ጥንቆላ!» ብዬ ነጠቅኋትና ቁም ሳጥኔ ውስጥ ቆለፍኩበት።

አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ «እሺ» እና «አይ» ብቻ ሆነ መልሷ። ምሳውን ነካ ነካ አድርጋ ትነሳለች።

ጤና ጣቢያ ሳገለግል ለአዲስ ነርሶች ሁልጊዜ የምነግራቸው ነገር ነበረኝ፤ ታማሚውን ሳትጠይቁ መርፌ አታንሱ። መቼ ጀመረው? ምን ሲያደርግ ይብሰዋል? ቤት ውስጥ ሌላ የታመመ አለ? ይህን ሁሉ ለሰው ሳስተምር ኖሬ፣ የራሴን ልጅ መጽሐፍ ሽፋኑን አይቼ ፈረድኩበት። በሦስተኛው ቀን ሳጥኑን ከፈትኩና ጠራኋት።

«ነይ እስቲ። አንቺ እያነበብሽ በአማርኛ ንገሪኝ።»

«ጠንቋይ አለበት አላልሽም ነበር?»

«እሷንም ልወቃት።»

መጽሐፉ ከየት እንደወጣ ስታይ ሳቀች። ለምን እንደሳቀች የገባኝ ማንበብ ስንጀምር ነው። የመጽሐፉ ስም ወደ አማርኛ ሲመለስ «አንበሳው፣ ጠንቋይዋና ቁም ሳጥኑ» ማለት ነው። እንግሊዝ አገር ይኖር የነበረ ሲ. ኤስ. ሉዊስ የሚባል ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1950 ያሳተመው ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለንደን በአውሮፕላን ስትደበደብ፣ አራት ወንድማማችና እህትማማቾች ከእናታቸው ተለይተው ገጠር ወደሚኖሩ አንድ አዛውንት ፕሮፌሰር ቤት ይላካሉ። ትንሿ ሉሲ ቤቱን ስትቃኝ ቁም ሳጥን ውስጥ ትገባለች። ልብሱን ገለጥ ገለጥ አድርጋ ወደ ውስጥ ስትዘልቅ ጀርባው የለም፤ በረዶ የለበሰ ደን ውስጥ ትወጣለች። አገሩ ናርኒያ ይባላል። ጠንቋይዋ ዓመቱን ሙሉ ክረምት አድርጋበታለች። የሚጠበቀው አስላን የተባለው አንበሳ ነው፤ ቃሉ በቱርክኛ አንበሳ ማለት ነው። ልጄ ስለ በረዶው ስትተርክልኝ የእኔ ላብ በአዳማ ሙቀት ከግንባሬ ይወርዳል።

በሁለተኛው ምሽት ንባቡን አቁማ ጠየቀችኝ።

«አኮ፣ የእነዚህ ልጆች እናት ትደውልላቸዋለች?»

«በዚያ ዘመን ስልክ እንደ ዛሬው አልነበረም፣ ልጄ።»

«ታዲያ ወደ ቤት መመለሳቸውን በምን ያውቃሉ?»

መልስ አጣሁ። በ3 ዓመት ውስጥ ይህን ጥያቄ ስለ ራሷ እናት አንድ ቀን ጠይቃኝ አታውቅም። እናቷ ዓርብ ዓርብ በኢሞ ስትደውል «ደህና ነኝ» ትልና ስልኩን ለእኔ ታቀብላለች። እኔም ልጅቷ ለመደች ብዬ ተጽናንቼ ነበር። ያን ዕለት መጽሐፉን ዘጋን። ስለ እናቷ ኮንትራት የማውቀውን ነገርኳት፤ የማላውቀውንም አላውቀውም አልኳት። እቅፌ ውስጥ ሆና ብዙ አለቀሰች፤ እኔም አልቀረሁ።

እናንተ ወላጆችና አያቶች፣ ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግሁት ይህንን ነው። ልጅ «ፈራሁ»፣ «ናፈቀኝ» አይልም። ጤና ጣቢያ ሆዴን እያለ ይመጣል፤ ትመረምሩታላችሁ፣ ሆዱ ምንም የለውም። ምናባዊ የጀብዱ ታሪክ ለልጅ የሚጠቅመው ፍርሃቱን በሌላ ልጅ ስም እንዲጠይቅ ስለሚያስችለው ነው። ጥያቄውን የሚሰማ ትልቅ ሰው ግን አጠገቡ መቀመጥ አለበት። እኔ መጽሐፉን ቆልፌ ብቀር ኖሮ ያ ጥያቄ አብሮ ይቆለፍ ነበር።

«ጥንቆላ አያስተምርም ወይ?» ለሚለው፣ እኔም የጠየቅሁት ስለሆነ አልስቅበትም። ግን እስቲ ያደግንበትን እናስታውስ። ስንዝር የምታህለው ስንዝሮ ግዙፉን ስታታልል፣ ጅብና ቀበሮ ሲሟገቱ እየሰማን ነው ያደግነው። በዚህ በእኛ አካባቢም ማታ ማታ ኦዱ ዱሪ ይተረካል፣ ሂቦ ይጠየቃል። የባሌው ተወላጅ አባባ ተስፋዬም ከ1957 ዓ.ም. ጀምረው በቴሌቪዥን ስንቱን ትውልድ በተረት አሳድገዋል። ከዚያ ሁሉ ልጅ ተረት ሰምቶ ጠንቋይ የሆነ አላየሁም። መታየት ያለበት ታሪኩ ክፋትን ምን ያደርገዋል የሚለው ነው። ያስመሰግነዋል ወይስ ዋጋውን ያሳያል? የየቤቱ እምነት የየራሱ ነውና ውሳኔው የእናንተ ነው፤ ብቻ አንብባችሁ ወስኑ።

የጀብዱ ልብ ወለድም ከውጭ የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ እኮ የጀብዱ ታሪክ ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ «ልብ ወለድ ታሪክ» ብለው ያሳተሙት፣ ኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀው መጽሐፍ ነው። ጦቢያ የጠፋ ወንድሟን ፍለጋ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር አገር ለአገር የምትዞር ልጅ ናት። አማርኛው ዛሬ ላለ ልጅ ይከብዳል፤ አያት ቢያነብለትና ቃሉን ቢፈታለት ግን ታሪኩ ይይዘዋል።

አሁን ወደ ምርጫው። በዕድሜ ከፍዬ የማስቀምጠው እንደ መድኃኒት መጠን ነው። ለአንዱ የሚስማማው ለሌላው ይበዛበታል።

ከ9 ዓመት በታች ላለ ልጅ ተረት ይበቃዋል፤ በቃል ይሁን፣ ደጋግማችሁ ንገሩት። ያንኑ ተረት አሥር ጊዜ ከጠየቃችሁ አትሰልቹ፤ መጨረሻውን ማወቁ ነው የሚያረጋጋው።

ከ9 እስከ 12 ላለው የናርኒያ መጻሕፍት ይስማሙታል። እ.ኤ.አ. ከ1950 እስከ 1956 የወጡ 7 መጻሕፍት ናቸው፤ ከነገርኳችሁ ጀምሩ። በ1955 የወጣው ግን እናቱ በጠና የታመመችበትን ልጅ ታሪክ ይዟል። ሉዊስ ራሱ እናቱን በካንሰር ያጣው በ9 ዓመቱ ነው። ቤታችሁ ውስጥ የታመመ ሰው ካለ እናንተ ቀድማችሁ አንብቡት።

የጄ. አር. አር. ቶልኪን «ሆቢት» ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1937 የወጣ ነው። ቤቱንና ምግቡን የሚወድ አንድ ትንሽ ፍጡር ከ13 ድንኮችና ከአንድ አስማተኛ ሽማግሌ ጋር ዘንዶ የነጠቃቸውን ወርቅ ፍለጋ ይወጣል። ስለ ደራሲው ሳነብ አንድ ነገር ሳበኝ። ቶልኪን በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1916 ፈረንሳይ ውስጥ የሶም ጦር ግንባር ላይ ሳለ በቅማል የሚተላለፍ ትኩሳት ያዘው። ግርሻና ተስቦ ሲያክሙ የኖሩ የሙያ ባልደረቦቼ ቅማል ምን እንደምታደርግ ያውቃሉ። ወደ እንግሊዝ ተመልሶ ሲታከምና ሲያገግም ነው ኋላ የሥራዎቹ ሁሉ መሠረት የሆኑትን ታሪኮች መጻፍ የጀመረው። «የቀለበቶቹ ጌታ» የተባለው ባለ 3 ቅጹ ትልቅ ሥራው ከ1954 እስከ 1955 የወጣ ሲሆን፣ ረጅም ስለሆነ ከ13 ዓመት ወዲህ ይቆይ።

ሃሪ ፖተርን ሁላችሁም ትሰሙታላችሁ። የጄ. ኬ. ሮውሊንግ 7 መጻሕፍት እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2007 ወጡ። ወላጆቹ ተገድለውበት አክስቱ ቤት ከደረጃ ሥር ባለች ጠባብ ቦታ የሚያድር ልጅ ነው። የመጀመሪያዎቹ ለ10 ዓመት ልጅ አይከብዱም። ከአራተኛው ወዲያ ግን ሞቱ እየበዛ፣ ነገሩ እየጨለመ ይሄዳል። ሰባቱንም በአንድ ክረምት አታስጨርሱ፤ ልጁ ከመጻሕፍቱ ጋር ይደግ።

ስለ አፍሪካ ደግሞ ወላጆቿ ናይጄሪያውያን የሆኑት ኔዲ ኦኮራፎር እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተመችውን «አካታ ዊች» ፈልጉ። ኒው ዮርክ ተወልዳ ናይጄሪያ የምትኖር፣ አልቢኖ የሆነች የ12 ዓመት ልጅ ታሪክ ነው። ኳስ ትወዳለች፤ ፀሐይ ግን ቆዳዋን ስለሚያቃጥላት ቀን ከጓደኞቿ ጋር መጫወት አትችልም። እንደ አዳማ ባለ ፀሐይ አገር አልቢኖ የሆነ ልጅ ላላቸው ቤተሰቦች፣ ለልጁ ጓደኞችም ጭምር፣ ጥሩ መጽሐፍ ነው።

ከ16 ዓመት በላይ ለሆኑት የይስማዕከ ወርቁን «ዴርቶጋዳ»፣ «ራማቶሓራ» እና «ዣንቶዣራ» በተከታታይ ማንበብ ነው። የመጀመሪያው በ2001 ዓ.ም. ወጥቶ አማርኛ ማንበብ የተወ ወጣት ሁሉ የተሻማበት መጽሐፍ ነው። የገዳማት ምሥጢር፣ ሰላዮችና ሳይንስ ተቀላቅለውበታል። ለትልልቆች የተጻፈ ነውና ለትንንሾቹ አይሰጥ።

የመጨረሻው የሙያ ምክሬ ስለ እንቅልፍ ነው። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት አለበት። አስፈሪውን ምዕራፍ በቀን አንብቡት፤ ማታ የሚቆመው ልጆቹ ደህና የሆኑበት ገጽ ላይ ይሁን። የስልክ ብርሃን ብርድ ልብስ ውስጥ አይግባ። ቅዠቱ ከቀናት አልፎ ሳምንታት ከዘለቀ፣ ወይም ሽንት መቆጣጠር የጀመረ ልጅ ደግሞ አልጋ ማራስ ከጀመረ፣ መጽሐፉን አቁሙና ባለሙያ አማክሩ።

የእኔዋ ናርኒያን ጨርሳ «አኮ፣ በእኛ አገር እንዲህ ያለ የለም?» አለችኝ። በሞጆ በኩል ወርዶ ያለውን የዝዋይን ሐይቅ ነገርኳት። ውኃው መካከል ደሴቶች አሉ፤ በደሴቶቹ ላይ የዛይ ሕዝብ ኖሯል። ከደሴቶቹ ትልቁ ቱሉ ጉዶ ላይ የደብረ ጽዮን ቤተ ክርስቲያን አለች። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው፣ ዮዲት ጉዲት አክሱምን ባጠፋችበት ዘመን ካህናቱ ታቦተ ጽዮንን ይዘው ሸሽተው እዚያ 70 ዓመት አቆዩዋት። ልጅቷ ዓይኗ ፈጠጠ። «በጀልባ ይኬዳል?» አለች። ይኬዳል አልኳት። አባቷ ሲመለስ ሊወስዳት ቃል ገብቷል።

ባለፈው ዓርብ እናቷ ደወለች። «ደህና ነኝ» ብላ ስልኩን ታቀብለኛለች ብዬ እጄን ዘርግቼ ጠበቅኋት። አላቀበለችኝም። «እማ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ስለገባች ልጅ ልንገርሽ» ብላ ጀመረች። እኔም ቡናዬን ለማፍላት ተነሳሁ፤ ሁለተኛው ፈልቶ ወሬያቸው አላለቀም።

በሚቀጥለው ሳምንት ስለ አረጋውያን የደም ግፊትና ስለ ጨው እንጫወታለን። እስከዚያው ቸር ያሰንብተን።