አንድ ዋቅጅራ ስንት ሰው ነው?

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ አበው። ያውጣው ግድ የለም። የሚጽፈው ግን መልአክ አይደለም። የሚጽፈው የቀበሌ ጸሐፊ፣ የክፍል ኃላፊ መምህርና ቅጽ ሞይ ነው። ኦሮምኛና አማርኛ በአንድ ግቢ በሚነገርባት አዳማ ደግሞ እነዚህ ሰዎች ስንቱን ቤተሰብ ሳያውቁት እንደበታተኑ ቤቱ ይቁጠረው።

እስቲ ዋቅጅራ የሚባል አያት አላችሁ እንበል። አንዱ መዝገብ «ዋቅጅራ»፣ ሌላው «ዋቅጂራ»፣ ሦስተኛው «ዋቅጄራ» ይለዋል። በቁቤ ሲጻፍ ኪው ይገባበታል፣ ኤውም ሁለት ሁለት ይሆናል። ፓስፖርት ላይ ሲደርስ ኪው ወደ ኬ ይለወጥና ትርፍ የተባለው ኤ ይወድቃል። ጫላማ ባሰበት! በቁቤ በሲ ስለሚጀምር ባሕር ማዶ «ካላ» ሆኖ ይቀራል። ጥላሁን በኤክስ ይጀምራል። ጴጥሮስ የመጀመሪያ ፊደሎቹ ፒና ኤች ስለሆኑ ቁቤ የማያውቅ ፈረንጅ «ፌክሲሮስ» ብሎ ቢጠራው አይፈረድበትም። አማርኛውም ቢሆን አልተረፈም፤ ኃይሉ፣ ሐይሉ፣ ሀይሉ። ለጆሮ አንድ ሰው፣ ለኮምፒውተር ሦስት ሰው።

«ታዲያ ምናለበት? ፊደል አይደለም እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ይህን የሚለው ውርስ ያልገጠመው ነው። የልጅ የልደት ካርድ «ፈይሳ»፣ የአባት የቤት ካርታ «ፋይሳ» ካለ፣ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸው ይረጋገጥልኝ ብሎ ፍርድ ቤት መመላለስ ይመጣል። የተሳሳተው ጸሐፊው፣ ምስክር የሚለምነው ባለስሙ። ይህ ፍትሕ ነው?

ጉዳዩ ለእኛ ከሌላው አገር ይከብዳል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 32 ማንኛውም ሰው የቤተሰብ ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር፤ ድንጋጌው ወረቀት ላይ ቀረ። የዘር ሐረጋችን የተንጠለጠለው የእኔ፣ የአባቴ፣ የአያቴ በሚል ሰንሰለት ነው። አንዷ ቀለበት ከተበጠሰች ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ጠፋ። ውጭ የወጡት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባቸው። አንዱ ወንድም የአባቱን ስም፣ ሌላው የአያቱን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ያስመዘግባል። ልጆቻቸው በወረቀት ዝምድና የላቸውም ማለት ነው።

አየርላንዶች ይህን ያውቁታል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ጸሐፊዎች በጆሯቸው የመጣላቸውን ሲጽፉባቸው ከስማቸው ፊት «ኦ» እና «ማክ» እየወደቀ አንድ ቤተሰብ በብዙ አጻጻፍ ተከፋፈለ። በ1922 እ.ኤ.አ. በእርስ በርስ ጦርነታቸው ደብሊን የነበረው የመንግሥት መዝገብ ቤት ሲቃጠል ደግሞ ብዙ ሰነድ ወደመ። እነሱ ግን አጻጻፉ የተለያየውን ስም ሁሉ እንደ ቁልፍ ሰብስበው ይይዛሉ፤ የሚፈልጉት ፊደሉን ሳይሆን ድምፁን ነው።

እኛ ምን እናደርጋለን? ፊደል ለፊደል እንጣላለን። አንዱ «ጥፋቱ የቁቤ ነው»፣ ሌላው «የግዕዝ ነው» ይላል። ግዕዝ የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም፣ እውነት ነው። ሆኖም ኦነሲሞስ ነሲብ በ1899 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ ያሳተሙት በዚሁ ፊደል ነው። ቁቤ የኦሮምኛን ድምፅ በሚገባ ይዟል፤ የሚያነበው ሰው ግን ሕጉን ማወቅ አለበት። ጥፋቱ ባለስሙን ሳይጠይቅ የሚጽፈው እጅ ላይ ነው። በንጉሡ ዘመን ትምህርት ቤት ሲገቡ የኦሮምኛ ስማቸው በአማርኛ የተለወጠባቸው ሰዎች ጉዳይ ደግሞ የፊደል ግድፈት አይባልም፤ እሱ ስም መንጠቅ ነው።

የከተማ ስምም እንዲሁ። ናዝሬትና አዳማ፣ ደብረ ዘይትና ቢሾፍቱ፣ ዝዋይና ባቱ። በየትኛው መጠራት እንዳለባት ፖለቲከኞች ይከራከሩ፤ መብታቸው ነው። የአያቱን ሰነድ የሚፈልግ ልጅ ግን ሁለቱም ስም ያስፈልገዋል። አንዱን ከታሪክ መሰረዝ ቁልፍ መወርወር ነው።

የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 ከወጣ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ፣ ሥራውም በ2008 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ «መዝገብ የለንም» ማለት አያዋጣም። የምንጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። መዝጋቢው የጻፈውን ጮክ ብሎ ያንብብ፣ ባለስሙ «አዎ፣ እኔ ነኝ» ይበል። ስሙ በግዕዝም፣ በቁቤም፣ ፓስፖርት ላይ በሚወጣውም አጻጻፍ ጎን ለጎን ይስፈር። የድሮው አጻጻፍ እንደ ማጭበርበር መቆጠሩ ቀርቶ «በዚህም ይጻፋል» ተብሎ ይመዝገብ።

የእኛም የቤት ሥራ አለ። ሽማግሌዎቻችን የአያት ቅድመ አያታቸውን ስም በቃላቸው ይወርዱታል። እኛ ከአያት በላይ ስንጠየቅ ስልክ እንነካካለን። እነሱ ሲያልፉ የሚቀረን ያ ጸሐፊ የሞነጫጨረው ብቻ ነው። ስለዚህ ጎበዝ፣ አያት ያላችሁ ዛሬውኑ ደውሉ። ደብተር ያዙ፣ ስሙን እነሱ እንደሚጠሩት ጻፉት፤ የት እንደሚጠብቅ፣ የት እንደሚላላም ጠይቋቸው።

ቸር እንሰንብት።