ስንት ሰው ወደደኝ?

ባለፈው ሰሞን ከትምህርት ቤት ስመለስ በሥላሴ ካቴድራል ቅጥር ግቢ አለፍሁ። ከዛፍ ጥላ ሥር ከሚያጠኑት መካከል አንዲት ተማሪዬን አየሁ። ደብተሯ ተዘርግቷል፤ ዓይኗ ግን ከስልኳ ላይ ነው። «ምነው፣ ምን ሆንሽ?» ብላት፣ «መምህር፣ ትናንት ፎቶግራፌን ለጥፌ ነበር፤ ላይክ ያደረገኝ 7 ሰው ብቻ ነው» አለችኝ። እንባዋ ቀርቦ ነበር።

ስቄ ልለፋት አሰብሁ። ነገር ግን እኔ ራሴ በዋዜማው የፈተና ወረቀት ላርም ተቀምጬ፣ ቲክቶክ ሳገላብጥ ሌሊቱ 8 ሰዓት መሆኑ ትዝ አለኝና አፈርሁ።

ፌስቡክ ያችን የአውራ ጣት ምልክት ያወጣት በየካቲት 2001 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ መውደድ የሚቈጠር ነገር ሆነ። ቀድሞ ልጅ መወደዱን የሚያውቀው ከእናቱ ድምፅና ከጓደኛው ሳቅ ነበር፤ ዛሬ በቍጥር ያውቀዋል፤ ቍጥር ደግሞ ከሌላው ቍጥር ጋር ካልተወዳደረ አያርፍም። ከዚህም በላይ ፎቶግራፉን ለማን እንደሚያሳይ የሚወስነው የኩባንያው የኮምፒውተር ስሌት ነው። እንግዲህ ያላየው ሰው እንዴት ይውደዳት?

ነገሩ የዋዛ አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት ዋና ሐኪም በግንቦት 2015 ዓ.ም. ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ በቀን ከ3 ሰዓት በላይ በማኅበራዊ መገናኛ የሚያሳልፉ ወጣቶች ለድብርትና ለጭንቀት የመጋለጣቸው ዕድል እጥፍ መሆኑን ገልጿል። ገና ብዙ ምርምር እንደሚያስፈልግና ጥቅምም እንዳለው ግን አልሸሸገም።

መንግሥት ይዝጋው የሚሉም አሉ። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ጥያቄዎች በማኅበራዊ መገናኛ አስቀድመው ስለ ወጡ ፈተናው ተቋረጠ፤ በሐምሌ እንደገና ሲሰጥ ፌስቡክና መሰሎቹ የተማሪውን ሐሳብ ይበትናሉ ተብሎ ለጥቂት ቀን ተዘጉ። አውስትራልያም ከታኅሣሥ 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ከ16 ዓመት በታች ያሉትን ከልክላለች። ሕግ በር ሊዘጋ ይችላል፤ «ስንት ሰው ወደደኝ?» የሚለውን ጥያቄ ግን ከልጅ ልብ አያወጣም። እርሱ የእኛ ፋንታ ነው።

ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ የምትሠሩና ታናናሾች ያሏችሁ፣ ማታ ስልኩ ከመኝታ ክፍል ውጭ ይደር፤ አስቀድሞም የእናንተው ይውጣ። ከዚያ «ዛሬ እንዴት ዋልሽ?» በሉና መልሱን እስከ መጨረሻው ስሙ። ተማሪዎችም ብትሆኑ፣ ጓደኛችሁ ስታኰርፍ ምልክት ከመላክ ሄዳችሁ አጠገቧ ተቀመጡ።

ያችን ልጅ «ሰባቱን በስም ጥሪልኝ» አልኋት። አክስቷን ጠራች፤ የአጎቷን ልጅ ጠራች፤ ሦስተኛዋ እዚያው አጠገቧ ተቀምጣ ታጠና ነበር። ሁለቱም ሳቁ። ስልኩን ጨርሳ ተወችው ብል እዋሻለሁ፤ ከቦርሳዋ ግን ከተተችው።

ሳምንት እስክንገናኝ ደኅና ሰንብቱ።