ጭነን ያላራገፍነው

በዚህ ሙያ አብረን ለሸበትን፣ ከፍሎፒ ዲስክ ዘመን ጀምሮ የሰውን ኮምፒውተር ስንጠግን፣ ፎርማት ስናደርግና ፕሮግራም ስንጭን ለኖርን ወንድሞቼና እኅቶቼ ይህን የምጽፈው ልቤ ከብዶ ነው። በቅርቡ አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ከገዛችው ወር ያልሞላውን ላፕቶፕ «ተንቀራፈፈብኝ» ብላ ይዛልኝ መጣች። የተጫነበትን ዝርዝር ከፍቼ ሳነብ ሁለት አንቲቫይረስ፣ ሦስት ብራውዘር፣ ሁለት የግዕዝ መጻፊያ፣ ኮምፒውተር አጸዳለሁ የሚል ፕሮግራም፣ ድራይቨር እፈልጋለሁ የሚል ሌላ፣ የታመቀ ፋይል መፍቻ፣ በዚያም ላይ የሚከፈልበትን ሁሉ ያለ ክፍያ የሚያስከፍት ክራክ አገኘሁ። የዊንዶውስ የራሱ ጥበቃ ግን ተዘግቶ ነበር። የዘጋው ከውጭ የመጣ ሌባ አልነበረም፤ ክራኩ ሲጫን ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ዘበኛው ከበሩ እንዲነሣለት ነውና፣ ላፕቶፑን ያዘጋጀላት የሱቁ ወጣት በገዛ እጁ ዘግቶት ነው።

ወጣቱን ደውዬ ጠየቅሁት። በትሕትና «አባባ፣ እኔ እንዲህ ነው የተማርኩት» አለኝ። ያስተማረውን ሰው ስም ሲነግረኝ፣ ያን ሰው ያስተማርኩት እኔ መሆኔን አስታወስኩ፤ ከዚያ በኋላ የምናገረው ቃል ጠፋኝ።

ዊንዶውስ ኤክስፒ በነገሠበት ዘመን ሲስተሙ ይዞት የሚመጣው ጥቂት ነበር። ቫይረስ የሚከላከል አልነበረውም፤ በፊደላችን የሚያስጽፍ ኪቦርድም አልነበረውም፤ ስለዚህ ሲዲ የሞላበት ቦርሳ ተሸክመን ከቢሮ ቢሮ እየዞርን የጎደለውን መሙላታችን በጊዜው ትክክል ነበር፣ ሰውም አመስግኖናል። ዳሩ ግን (ዓመታቱንም ወራቱንም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው) በ2007 ገበያ ላይ የዋለው ቪስታ የአማርኛ ኪቦርድና ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ መጣ፤ በ2012 የወጣው ዊንዶውስ 8 ደግሞ ሙሉ አንቲቫይረስ በውስጡ ይዞ መጣ። ጉድለቱ ሲሞላ ቦርሳችንን ማስቀመጥ ነበረብን፤ እኛ ግን ይዘነው ቀጠልን፣ ለልጆቻችንም አወረስን።

ቋንቋችን ለዚህ ሥራ የሰጠው ቃል ራሱ ይመክረን ነበር። መጫን እንላለን፤ አባቶቻችን በቅሎን ሲጭኑ የሚሉት ያንኑ ነው። ጫኝ ግን የከብቱን ጀርባ ዳብሶ፣ ቁስል እንዳለው አይቶ ይጭናል፤ ሲመሽም ያራግፋል። እኛ ሳንዳብስ ጫንን፤ ማራገፍንም ፈጽሞ ረሳን። በአድሚኒስትሬተር ሥልጣን የገባ ፕሮግራም ደግሞ ዝም ብሎ ጓዳ ውስጥ የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም፤ እኛ የምናነበውን ያነባል፣ እኛ የምንሰርዘውን መሰረዝ ይችላል፣ ራሱን በሚያድስበት ሰዓትም ከሩቅ ያለ ሠሪው የላከለትን ሁሉ ሳይጠይቀን ይቀበላል። ስለዚህ አንድ ፕሮግራም በጨመርን ቁጥር የምንጨምረው ሠሪውን ጭምር ነው፤ የሠሪውን ሠራተኞች፣ የሠሪውን ሰርቨር፣ የሠሪውን ነገ።

በ2017 የሆነውን ከእናንተ መካከል የማያስታውስ ያለ አይመስለኝም። ሲክሊነር የማንኛችንም ቦርሳ ያልተለየው ፕሮግራም ነበር፤ እኔ ራሴ ስንት መቶ ኮምፒውተር ላይ እንደጫንኩት አላውቅም። በዚያ ዓመት ነሐሴ 15 ቀን የወጣው እትም ሰርጎ ገቦች የሸሸጉበትን ተንኮል በውስጡ ይዞ ነበር፤ ንጹሕ እትም እስከ ተለቀቀበት እስከ መስከረም 12 ድረስ ወደ 2.27 ሚሊዮን በሚጠጉ ኮምፒውተሮች ላይ ገባ። ከየጉራንጉሩ የወረደ አልነበረም፤ ከባለቤቱ ከራሱ ድረ ገጽ፣ የባለቤቱ ሕጋዊ ማኅተም ታትሞበት ነው የወጣው። ሠሪውን ድርጅት ደግሞ ገና ከጥቂት ሳምንታት በፊት የገዛው አቫስት የተባለው የአንቲቫይረስ ኩባንያ ነበር፤ ወራሪዎቹ ግን ከግዢው በፊት ገብተው አድፍጠው ነበር። የጫነው ሰው አልሰነፈም፣ አፕዴት አላጓደለም፤ ጥፋቱ የደረሰበት የማያውቀው ቤት ስለተሰበረ ነው። ያም ፕሮግራም ያጸዳልን የነበረውን ጊዜያዊ ፋይል ዊንዶውስ ራሱ ሊያጸዳው ይችል እንደነበር ሳስብ ሐዘኔ ይበረታል።

አንዳንድ ጊዜ ቤቱ አይሰበርም፤ ይሸጣል። ግሬት ሰስፔንደር የተባለውን የክሮም ተቀጥላ ሚሊዮኖች ያምኑት ነበር። ሠሪው በ2020 ለማይታወቅ ሰው አሳልፎ ሰጠው፤ በየካቲት 2021 ጉግል ተንኮል አዘል ነው ብሎ አስወገደው። ተጠቃሚው ባለቤቱ መለወጡን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

አንዳንድ ጊዜም ይረሳል። የታመቀ ፋይል የምንፈታበት ዊንራር ውስጥ ኤስ የተባለውን የድሮ ማመቂያ የሚፈታ፣ ከሌላ ሠሪ የተወሰደ ቁራጭ ነበረ፤ ከ2005 ወዲህ ያልታደሰ፣ የዊንራር ባለቤቶች እንኳ ምንጩን በእጃቸው ያልያዙት። ቼክ ፖይንት የተባለው የደኅንነት ኩባንያ ቀዳዳውን በየካቲት 2019 ይፋ ሲያደርግ 19 ዓመት ያህል እዚያው ተቀምጦ እንደነበር ተናገረ፤ ባለቤቶቹም ሊጠግኑት ስላልቻሉ ቁራጩን ቆርጠው ጣሉት። ዊንራር ግን ራሱን በራሱ አያድስም፤ አዲሱን የሚያወርደው ሰው ነው። በየቢሯችን ያለው በክራክ የተከፈተው አሮጌው ነው፤ ቢታደስ ክራኩ ይወድቃል ተብሎ ስለሚፈራ ማንም አይነካውም። ባዕድ በባዕድ ላይ ተደርቦ፣ ሦስተኛው ባዕድ ሁለተኛው እንዳይታደስ በር ይዞ ቆሟል። ይህን ያቀናበርነው እኛ ነን።

ተንኮል በሌለበትም ጊዜ ሥልጣን የሰጠነው ሲሳሳት ምን እንደሚሆን ሐምሌ 19 ቀን 2024 አይተናል። ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ጥበቃ ኩባንያ ለፕሮግራሙ የላከው አንድ የተሳሳተ ፋይል 8.5 ሚሊዮን የሚሆኑ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ጣለ፤ አውሮፕላኖች ቆሙ፣ ሆስፒታሎች ተስተጓጎሉ። ፕሮግራሙ ጠባቂ በመሆኑ ከርነል ከምንለው ከሲስተሙ እምብርት ውስጥ ይሠራ ስለነበር፣ ሲወድቅ ቤቱን ይዞ ወደቀ።

አብሮ የመጣው ሁሉ እንከን የለሽ ነው አልልም። በግንቦት 2017 ዓለምን ያስለቀሰው ዋናክራይ የተባለው ተንኮል አዘል ፕሮግራም የገባው በዊንዶውስ በራሱ ቀዳዳ ነው። ነገር ግን ማይክሮሶፍት መድፈኛውን ያወጣው በመጋቢት፣ ሁለት ወር ቀድሞ ነበር፤ የተጎዱትም ያልታደሱት ናቸው። ክራኩ እንዳይበላሽ ብለን አፕዴቱን የዘጋንባቸው ኮምፒውተሮች ከየትኛው ወገን እንደነበሩ ለእናንተ አልነግርም፤ ታውቁታላችሁ። ከውጭ ምንም አትጫኑ ማለቴም አይደለም። ያቺ የሒሳብ ሠራተኛ የሒሳብ ፕሮግራሟ ያስፈልጋታል፤ ማየት የተሳነው ወንድማችን ስክሪን የሚያነብለትን ኤንቪዲኤን ብንነፍገው በደል ነው። ቤቱ የሌለውን ማምጣት አንድ ነገር ነው፤ ያለውን አባርሮ ባዕድ መተካት ግን ሌላ ነው።

የሚያስፈራኝ ከፊታችን ያለው ነው። በእኛ ዘመን ኮምፒውተር ሲታመም የሚጠፋው ደብዳቤ ነበር፤ ዛሬ ግን የድሃው ገንዘብ በቴሌብር፣ የደመወዝተኛው በባንክ አፕ ስልኩ ላይ አለ፤ በዚያው ስልክ ላይ ከቴሌግራም የተላለፈ አፕ ምንጩ ሳይታወቅ ይጫናል፤ ስልኩ የአማርኛ ኪቦርድ እያለው ማን እንደሠራው የማይታወቅ ኪቦርድ ይጨመርበታል። ኪቦርድ የምንጽፈውን ሁሉ ያያል። በ2017 መጨረሻ ኤአይ ታይፕ የተባለ የስልክ ኪቦርድ የ31 ሚሊዮን ሰዎችን መረጃ ያለ ይለፍ ቃል ክፍት አድርጎ ትቶት ተገኝቷል። ዊንዶውስ 10ም ጥቅምት 14 ቀን 2025 መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል፤ ወደ 11 መሸጋገር የማይችሉ ስንትና ስንት አሮጌ ኮምፒውተሮች በየቢሮው ቀርተዋል። ለእነርሱ መድኃኒት ነኝ የሚል በፍላሽ የሚዞር ነገር መምጣቱ አይቀርም፤ ሰውም ልጫነው ወይ ብሎ የሚጠይቀው እኛን ነው።

መጨረሻው ምን እንደሚመስል አንድ ጊዜ አይቻለሁ። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱ የግዕዝ ሶፍትዌር ሠሪ ፊደሎቻችንን በላቲኑ ቦታ ላይ በራሱ ሥርዓት ይደረድር ነበር። ሌላ መንገድ አልነበረምና እነዚያን ሰዎች አመሰግናለሁ። ዩኒኮድ ከመጣ በኋላ፣ አማርኛው በሲስተሙ ውስጥ ከተቀመጠ በኋላም ግን እጃችን ስለለመደ በአሮጌው መጻፍ ቀጠልን። አንድ መሥሪያ ቤት የብዙ ዓመት ቃለ ጉባኤውን በዚያ መንገድ አከማችቶ ነበር፤ ኮምፒውተሮቹ ተለውጠው፣ ሠሪው ሥራውን ትቶ፣ ፎንቱ ከጠፋ በኋላ ጠሩኝ። ፋይሎቹ ሁሉ አሉ፤ አንዱም አልጎደለም፤ ሲከፈቱ ግን የላቲን ፊደልና ምልክት ተደበላልቆ ከመታየት በቀር አንድ የሚነበብ ቃል የላቸውም። የጻፈችው ጸሐፊ አጠገቤ ቆማ የገዛ እጇን ሥራ ማንበብ አቅቷት ስታለቅስ አይቻለሁ።

የሒሳብ ሠራተኛዋን ላፕቶፕ አንድ ቀን ሙሉ ሳራግፍ ዋልኩ፤ ዘበኛውንም ወደ በሩ መለስኩት። ወጣቱ መጥቶ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር፤ ሱቁ ውስጥ ያዘጋጃቸውን የሌሎች ደንበኞች ስም እየጻፈ ሊጠራቸው ይዟል። እናንተም ያስተማራችኋቸውን ታውቃላችሁ፤ ስልካቸውም አላችሁ። ያልተለወጠ አሮጌ ጽሑፍ የቀረባችሁ ካላችሁ ደግሞ ይዛችሁልኝ ኑ፤ የፎንቶቹ ፍሎፒዎች እኔ ዘንድ አሉ፤ የሚያነባቸው አሮጌ ኮምፒውተርም እስከ ዛሬ ይነሣል።