ተናጋሪ መጽሐፍ በጌዴኦ፦ መሣሪያው ከመጽሐፉ ቀድሟል

ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው የጌዴኦ ዞን ዋና ከተማ ዲላ፣ ስሟ በይበልጥ የሚነሳው ከቡናና ከዩኒቨርሲቲዋ ጋር ተያይዞ ነው። በዚህ አካባቢ ለሚማሩ ዓይነ ስውራን ከሁሉ የሚቀድመው ጥያቄ የሚነበብ መጽሐፍ የማግኘት ጉዳይ ነው።

ብሬል መተኪያ የሌለው ቢሆንም ቦታ ይፈጃል። የአማርኛ ብሬል ተነባቢውንና አናባቢውን ለያይቶ ስለሚጽፍ፣ በአንድ እጅ የሚያዝ መጽሐፍ ወደ ብሬል ሲገለበጥ በርካታ ጥራዞች ይወጡታል። በመሆኑም ዓይነ ስውራን ተማሪዎች ለዓመታት የተደገፉት ጊዜውን በሚሰጥ አንባቢና በቴፕ ነው። ካሴት ደግሞ ገጽ አያውቅም፤ አምስተኛውን ምዕራፍ የፈለገ ተማሪ ወደፊትና ወደኋላ እያጠነጠነ መገመት ነበረበት።

ይህን ችግር የፈታው እ.ኤ.አ. በ1996 የተቋቋመው የዴይዚ ኅብረት ያስፋፋው የአቀራረጽ ስልት ነው። ንባቡ በምዕራፍ፣ በንዑስ ርዕስና በገጽ ተከፍሎ ስለሚቀረጽ፣ አድማጩ የገጹን ቁጥር መትቶ በቀጥታ ወደሚፈልገው ስፍራ ይደርሳል። የካናዳው ሂዩማንዌር እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ ያቀረበው ቪክተር ሪደር ስትሪም የዚህ ዓይነት መሣሪያ ነው። ኪስ ውስጥ ይገባል፤ በጣት በሚዳሰሱ ቁልፎች ይሠራል፤ መጻሕፍቱን በሚሞሪ ካርድ ይይዛል፤ ያቆመበትንም ቦታ ያስታውሳል። በባትሪ የሚሠራ በመሆኑም መብራት ሲቋረጥ ጥናቱ አይቋረጥም።

ይሁንና መሣሪያ ገዝቶ ማከፋፈል የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው፤ ለፎቶግራፍም ያመቻል። ካርዱ ላይ የሚጫነው መጽሐፍ ከየት ይመጣል?

የሕግ መሰናክሉ በከፊል ተነስቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው የማራኬሽ ስምምነት፣ ትርፍ የማያሳድዱ የትምህርት ተቋማትና ቤተ መጻሕፍት የታተመ ሥራን የደራሲውን ፈቃድ ሳይጠይቁ ለዓይነ ስውራን በሚመች መልክ እንዲያዘጋጁ፣ ከአገር አገርም እንዲለዋወጡ መንገድ ይከፍታል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2020 ስምምነቱን የተቀላቀለች ሲሆን፣ በቀጣዩ ዓመት በአገሪቱ ላይ ተፈጻሚ ሆኗል።

ጥቅሙ ግን ለሁሉም እኩል አይደርስም። የዩኒቨርሲቲ ትምህርት በእንግሊዝኛ የሚሰጥ በመሆኑ፣ የዲላ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በውጭ አገር ቤተ መጻሕፍት ከተቀረጹት ሥራዎች ሊጠቀም ይችላል። በይርጋጨፌ ወይም በቡሌ ገጠር አንደኛ ክፍል የገባ ዓይነ ስውር ሕፃን የሚያስፈልገው መጽሐፍ ግን በጌዴኡፋ የተጻፈ ነው። ይህን ከባሕር ማዶ የሚልክ የለም። ለአማርኛ ጽሑፉን ወደ ድምፅ የሚለውጡ ሶፍትዌሮች አሉ፤ የንባባቸው ለዛ ብዙ የሚቀረው ቢሆንም ያገለግላሉ። ለጌዴኡፋ ግን አስተማማኙ መንገድ ዛሬም የሰው ድምፅ ነው።

የሰው ድምፅ ደግሞ በአካባቢው አይጠፋም። የሚያስፈልገው ጸጥ ያለ ክፍል፣ ማይክሮፎን፣ ኮምፒዩተር፣ ቋንቋውን አጥርቶ የሚያነብ መምህርና ምዕራፉን ከገጹ እያዛመደ የሚያሰናዳ ባለሙያ ነው። ዕቃው አንድ ጊዜ ይገዛል። መምህሩና ባለሙያው ግን በየዓመቱ የሥራ ሰዓትና ደመወዝ የሚጠይቁ ናቸው፤ የመማሪያ መጽሐፍ በተቀየረ ቁጥርም ቀረጻው እንደገና ይጀመራል። መሣሪያ በእርዳታ ሊገኝ ይችላል። የአንባቢው ወጪ ግን የሚሸፈነው ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ መደበኛ በጀት ነው።