ተፈቀደ ማለት ተሰጠ ማለት አይደለም

በሐይቅም ሆነ በአምባሰል ባንክ «የቤት ብድርህ ተፈቅዷል» ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ቤቱን እንደገዛ ይቆጥራል። ገና አልገዛም። የሽያጭና የመያዣ ውሎቹ መፈረምና መመዝገብ፣ ገንዘቡም ለሻጩ መለቀቅ አለበት። እስከዚያ ድረስ ባንኩ የደንበኛውን ታሪክ በብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል ዳግም ሊያጣራ ይችላል።

አደጋው በዚህ መሐል ነው። የአጎት ልጅ ባጃጅ ሊገዛ ዋስ ይፈልጋል፤ ጎረቤት «ለፊርማ ያህል ነው» ይላል። በወሎ ዘመድን እምቢ ማለት ይከብዳል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ይሉኝታ አያውቅም፤ ተበዳሪው ካልከፈለ ዋሱ ይጠየቃል። በቴሌብር ተወስዳ የተዘነጋች ትንሽ ብድርም የባንክ ብድር ናት።

ብድሩ ቢሰረዝ ጉዳቱ ድርብ ነው። ቤቱ ይቀራል፤ ውሉን ያልፈጸመ ገዢ ቀብዱንም ሊያጣ ይችላል።

ስለዚህ ባንኮች በፈቃድ ደብዳቤያቸው ላይ በግልጽ አማርኛ ይጻፉ፦ ገንዘቡ እስኪለቀቅ አዲስ ብድር አይወሰድ፣ ዋስ አይሆኑ፣ የነበረ ክፍያ አይዘግይ። ገዢውም «ቤቱ በስሜ ሲዞር እንነጋገራለን» ለማለት አይፈር። ይህ ዘመድ መካድ አይደለም፤ የልጆችን ጣሪያ መጠበቅ ነው።