የሕዝብ ገንዘብ ያሠራው ምርመራ ለሕዝብ ለምን ይወደዳል?

ቲቢ የሚድን በሽታ ነው። እንዲያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ 1.25 ሚሊዮን ሰው ገድሏል። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በዚያ ዓመት 10.8 ሚሊዮን ሰው ታሟል፤ በሽታው ታውቆለት የተመዘገበው ግን 8.2 ሚሊዮኑ ብቻ ነው። የቀሩት የት ናቸው? እያሳሉ ታክሲ ይሳፈራሉ፣ እያሳሉ ልጅ ያቅፋሉ።

በብዙ ጤና ጣቢያዎች ዛሬም መመርመሪያው ማይክሮስኮፕ ነው፤ ሮበርት ኮኽ የቲቢን ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1882 ያሳየበት ዓይነት መሣሪያ። አክታው ውስጥ ባክቴሪያው በርከት ካላለ ያመልጠዋል። ቢያገኘውም እንኳ መድኃኒት የተላመደ መሆን አለመሆኑን አይለይም። ስለዚህ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ የያዘው ሰው የማይፈውሰውን ኪኒን እየዋጠ ወራት ይገፋል፤ በዚያ መሀል በሽታው ለቤተሰቡ ይተርፋል።

ጂን ኤክስፐርት ይህን ታሪክ መለወጥ ይችላል። ቲቢ መኖሩንም፣ ሪፋምፒሲን የተባለውን ዋና መድኃኒት መላመዱንም በሁለት ሰዓት ገደማ ይናገራል። ነገር ግን ለእያንዳንዱ ምርመራ አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት ካርትሪጅ ያስፈልገዋል፤ ካርትሪጁን የሚያመርተው ደግሞ ሴፌይድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ማሽኑ በእርዳታ ይገኝ ይሆናል፤ ካርትሪጁ ግን ሲገዛ ይኖራል።

ከ2012 ጀምሮ ከአሥር ዓመት በላይ የአንዱ ካርትሪጅ ዋጋ ለድሃ አገሮች 9.98 ዶላር ነበር። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን ያስጠናው ጥናት ግን በብዛት ሲመረት ወጪው ከ5 ዶላር በታች እንደሆነ ያሳያል። ቴክኖሎጂው ሲሠራ ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሕዝብ ገንዘብ ፈሶበታል። ግብር ከፋዩ አንዴ ለፈጠራው ከፍሏል፤ በሽተኛው ሁለተኛ ይክፈል?

በመስከረም 2023 ጩኸቱ ሲበረታ እናት ኩባንያው ዳናኸር ዋጋውን ወደ 7.97 ዶላር አወረደ። ትርፍ የሌለው ዋጋ ነው አለ፤ በየዓመቱም በገለልተኛ ወገን እንደሚያስመረምር ቃል ገባ። ደግ አደረገ። ይሁንና ሌሎች መድኃኒቶችን መላመዱን የሚለየው ካርትሪጅ በዚያ ቅናሽ አልተነካም፤ በ14.90 ዶላሩ ቀረ። በጣም ለታመመው ሰው በጣም የተወደደው ምርመራ! ትርፍ ከሌለው ደግሞ ሒሳቡን የከፈለው ሕዝብ በዓይኑ ቢያየው ማን ይጎዳል?

«የሁለት የሦስት ዶላር ልዩነት ምን ያመጣል?» የሚል ይኖራል። ያስላው። በ10,000 ዶላር፣ በ7.97 ሒሳብ 1,254 ካርትሪጅ ይገዛል፤ በ5 ዶላር 2,000። ልዩነቱ 746 ሰው ነው።

ጥፋቱ የኩባንያው ብቻ አይደለም። መንግሥታትም በአንድ ሻጭ ላይ ተኝተዋል። በባትሪ የሚሠራው የህንዱ ትሩናት እ.ኤ.አ. በ2020 የዓለም ጤና ድርጅትን ይሁንታ አግኝቷል። የፔሩ ተመራማሪዎች ባክቴሪያውን በፈሳሽ አብቅለው በማይክሮስኮፕ በማየት፣ መድኃኒት መላመዱን በሳምንት ገደማ የሚለይ ርካሽ ዘዴ አሳይተዋል። የሠለጠነ እጅና ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ የአንድ ኩባንያ እስረኛ ግን አያደርግም።

ኢትዮጵያ ቲቢ ከሚከብዳቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። የእርዳታ ገንዘብ እየሳሳ ባለበት በዚህ ጊዜ ጤና ሚኒስቴርም ሆነ ጎረቤት አገሮች በጋራ ገዝተው፣ በጋራ ተከራክረው፣ አማራጭ ይዘው ሊደራደሩ ይገባል። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ ለቲቢ ቅጠሉ ምርመራ ነው።