«በዝርዝር ታይቷል»

ድሬዳዋን የሚያስተዳድራት ሕግ የትኛው ነው ብሎ ለጠየቀ እንግዳ፣ ቢሮ የተቀመጠ ሰው አዋጅ ቁጥር 416/1996ን፣ ቻርተሩን ያነሣለታል። ከፊራ ገበያ ዳር ሻይ የሚጠጣው ግን ሦስት ቁጥር ነው የሚጠራው፤ አርባ፣ አርባ፣ ሃያ። ለኦሮሞው ድርጅት አርባ፣ ለሶማሌው አርባ፣ ለቀረው ሁሉ ሃያ። የከንቲባው ወንበር ከማን ወደ ማን እንደሚዞር፣ የትኛው ቢሮ ለማን እንደሚደርስ ለብዙ ዓመታት የወሰነው ይህ ስሌት ነው። በእሱ ሥራ ያገኘ አለ፣ በእሱ ሥራ ያጣ አለ። በ2011 ወጣቱ አደባባይ ሲወጣ ካነሣቸው ጥያቄዎች አንዱም ይኸው ነበር። ቻርተሩን ከመጀመሪያው አንቀጽ እስከ መጨረሻው ቢያገላብጡት ግን አያገኙትም። የፓርቲዎች ስምምነት ነው። ረቂቅ ሆኖ አልቀረበም፣ ለቋሚ ኮሚቴ አልተመራም፣ ውይይት አልተጠራበትም፣ እጅ አልወጣበትም።

ይህን ያነሣሁት ስለ ድልድሉ ፍትሐዊነት ለመሟገት አይደለም፤ ለእሱ ሌላ ቀን አለው። ያነሣሁት አንዲት ሐረግ ከሚገባት በላይ ስለተከበረች ነው። ረቂቅ አዋጅ ለምክር ቤት ይቀርባል፤ ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ «ለዝርዝር እይታ» ይመራል፤ ኮሚቴው ሪፖርትና የውሳኔ ሐሳብ ይዞ ይመለሳል፤ አዋጁ ይጸድቃል። ከዚያ በኋላ ለሚያጉረመርም ሁሉ መልሱ አንድ ነው። በዝርዝር ታይቷል፤ ባለድርሻ አካላት ተወያይተውበታል፤ ያኔ የት ነበርክ? እኔ የምጣላው ከዚህ መልስ ጋር ነው። ከባዱ ጉዳይ ወደ ኮሚቴ አይሄድም፤ የሚሄደውም ሌላ ቦታ አልቆ ነው የሚሄደው። ኮሚቴው አልቆ የመጣውን ያያል፤ በማየቱም የውሳኔው ባለቤት እሱ እንደሆነ ተደርጎ ይወራል።

ነፃ የንግድ ቀጠናችንን እንውሰድ። ነሐሴ 8 ቀን 2014 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ድሬዳዋ መጥተው መረቁት፤ ለአገሪቱ የመጀመሪያው ነው። ነፃ ቀጠና በአገር ምድር ላይ ያለ፣ ለጉምሩክ ግን እንደ ባዕድ አገር የሚቆጠር ግቢ ነው። ግድግዳውና መጋዘኑ ብቻውን ነፃ አያደርገውም፤ ነፃ የሚያደርገው ሕጉ ነው። ለእንዲህ ያለው ግቢ የተሟላ መሠረት ይሰጣል የተባለው የልዩ ኢኮኖሚ ዞን አዋጅ ግን ቁጥሩ 1322/2016 ነው። ሪባኑ ከተቆረጠ ከዓመት በላይ ቆይቶ የመጣ ነው ማለት ነው። እስቲ በዚያ ረቂቅ ላይ የተቀመጠ የኮሚቴ አባል እንሁን። ቀጠናው ያስፈልጋል ወይ? ቦታው ድሬዳዋ ይሁን? ከጅቡቲ ጭነት ጋር ኑሮውን ያያያዘው የከተማው ትንሽ ነጋዴ በዚህ ግቢ ይጠቀማል ወይስ ከበሩ ውጭ ይቀራል? ጥያቄዎቹ ሁሉ ጥሩ ናቸው፤ ጊዜያቸው ግን አልፏል። ለአባሉ የተረፈለት ነጠላ ሰረዝ ማረም ነው።

አንዳንዱ «ነጠላ ሰረዝም እኮ ሕግ ነው» ይለኛል። እውነት አለው፤ «እና»ን በ«ወይም» የለወጠ ኮሚቴ ሰው ከእስር አድኖ ሊሆን ይችላል። ትጉህ አባላት አሉ፤ ሌሊቱን ረቂቅ ሲያነቡ የሚያድሩ ባለሙያዎችም አሉ። ነቀፌታዬ በእነሱ ላይ አይደለም። የነጠላ ሰረዝን ሥራ የውሳኔ ሥራ ነው ብለው በሚያቀርቡልን ላይ ነው።

የድሬዳዋ ነገር ደግሞ ከሌላው ይከፋል። ሕገ መንግሥቱ አዲስ አበባን በአንቀጽ 49 ራሷን እንድታስተዳድር ሲደነግግ ድሬዳዋን በስም አያነሣትም። ከተማችን ቻርተሯን ያገኘችው ከፌዴራሉ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ምክር ቤቱ 547 መቀመጫ አለው፤ የድሬዳዋ 2 ናቸው። ሁለት ሰው በሁሉም ቋሚ ኮሚቴ ሊቀመጥ አይችልም። እናም ስለ ድሬዳዋ የተጻፈ ረቂቅ «በዝርዝር» የሚታይበት ጠረጴዛ ዙሪያ ድሬዳዋ የመረጠችው አንድም ሰው ላይኖር ይችላል። የሕዝብ ውይይት ሲጠራም አዳራሹ አዲስ አበባ ነው፤ ወደ 500 ኪሎ ሜትር መንገድ። ጥሪው በቴሌቪዥን ተነግሮ ውይይቱ በቀናት ውስጥ ሲደርስ፣ ከሳቢያን ሰፈር ተነሥቶ ለሦስት ደቂቃ አስተያየት ያን ሁሉ መንገድ የሚሄድ ማነው? የሚገኘው በደብዳቤ የተጠራው የመሥሪያ ቤት ተወካይ ነው፤ እሱ ደግሞ በብዛት ረቂቁን ካዘጋጀው ወገን ነው።

ድሬዎች የደቻቱን ወንዝ እናውቀዋለን። አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፤ ሰው በእግሩ ያቋርጠዋል። አንድ ጠብታ ሳይወርድብን፣ ከበላያችን ደጋው ላይ ሲዘንብ ጎርፉ እኛ ዘንድ ይደርሳል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ሌሊት እንዲያ ሆኖ ከ250 በላይ ሰው ወሰደብን። ሕግም ወደዚህች ከተማ ሲመጣ የኖረው እንደ ደቻቱ ነው። ገና ስትወለድ እንኳ፣ በ1895 ባቡሩ ሲደርስ፣ የከዚራን ሰፈር የቀየሰው በ1886 ከዳግማዊ ምኒልክ በተሰጠ ፈቃድ የተቋቋመ የፈረንሳይ ኩባንያ ነበር። ቀጥ ያለው ጎዳናና የዛፉ ጥላ ደግ ነው፤ እስከ ዛሬ እንቀመጥበታለን። ከደቻቱ ማዶ ያለውን የመጋላን ሰው «አንተስ ምን ትላለህ?» ብሎ ግን ማንም አልጠየቀውም። ያኔ ኩባንያ ነበር፤ ዛሬ ምክር ቤት ነው። ልዩነቱ ትልቅ መሆን ነበረበት።

«ውይይትማ ተደርጓል» ለሚሉ የሐምሌ 2017ቱን የገቢ ግብር ማሻሻያ ላስታውስ። ከ2008 ጀምሮ ከደመወዝ ግብር ነፃ የነበረው 600 ብር ነበር። ረቂቁ 2,000 ብር ይሁን ብሎ መጣ። የሠራተኛው ወኪሎች ኑሮው የደረሰበትን ገልጸው ወለሉ ከዚያ ከፍ እንዲል ጠየቁ። አዋጁ ጸደቀ፤ ወለሉ 2,000 ብር ነው። ጥያቄው ሁሉ መመለስ ነበረበት እያልኩ አይደለም፤ ግምጃ ቤትም የራሱ ስሌት አለው። ነገር ግን የጠየቀው ሰው ለምን እንዳልተቀበሉት የሚነገረው የት ነው? በስንት ብር ቢሆን ግምጃ ቤቱ ስንት እንደሚያጣ ኮሚቴው አስልቶ አይቶ ከሆነ፣ ስሌቱን ለደመወዝተኛው ማሳየት ምን ይጎዳል? በድሬ የጨርቃ ጨርቅና የሲሚንቶ ፋብሪካ ለሚሠራ ሰው ይህ የወር አስቤዛው ጉዳይ ነው። የሚደርሰው ግን «የተነሡ ሐሳቦች በግብዓትነት ተወስደዋል» የሚል ዜና ነው። ግብዓት! ይህ ቃል በአማርኛችን ላይ ምን ያህል በደል እንደፈጸመ ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል። ሐሳብህን ከአንተ ይቀበልሃል፤ የት እንዳደረሰው ግን አይነግርህም።

ጎረቤታችንን ኬንያን እንይ። በግንቦት 2016 መንግሥት ባቀረበው የፋይናንስ ረቂቅ በዳቦ ላይ 16 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሊጣል ነበር። የፓርላማው ፋይናንስ ኮሚቴ አስተያየት ሰምቶ፣ ጎዳናውም እየጋለ ሲሄድ፣ የዳቦውን ታክስ ከረቂቁ አወጣው፤ ማውጣቱንም በስሙ ተናገረ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም አይተናል፤ ፓርላማው ተጥሶ ተገባ፣ ደም ፈሰሰ፣ ፕሬዚዳንቱም ረቂቁን ሳይፈርሙ መለሱት። እንግዲህ ኬንያን እንደ ገነት እየቆጠርኩ አይደለም። ግን እዚያ የዳቦ ሻጩ የትኛው አንቀጽ በማን ጩኸት እንደወጣ ያውቃል፤ የእኛው ዳቦ ሻጭ አያውቅም።

በዚህ ጊዜ የሚመጣውን ምክንያት አውቀዋለሁ። የእኛ ሥርዓት ፓርላሜንታዊ ነው ይባላል። በአንቀጽ 56 መሠረት መንግሥት የሚመሠርተው አብላጫ ወንበር ያለው ፓርቲ ነው፤ ረቂቁን የሚያመጣው ያው ፓርቲ፣ ኮሚቴውን የሚመራውም ያው ፓርቲ፤ ታዲያ የራሱን ረቂቅ እንዴት ይጥላል? የበሰለ ውይይት አስቀድሞ በፓርቲው ውስጥ ተደርጓል፣ ኮሚቴው የጋራ መግባባቱን ያጸናል። በከተማችን ምክር ቤትም መልኩ ይኸው ነው፤ ከንቲባው ከምክር ቤቱ አባላት መካከል ይመረጣል፣ የሚመራው አስተዳደር ረቂቁን ያመጣል፣ የመረጡት ባልደረቦቹ ያዩታል።

ምክንያቱ ሐቀኛ ነው፤ ግን ራሱን ያፈርሳል። ውይይቱ በፓርቲ ውስጥ አልቆ ከሆነ፣ ዜጋው የሚሰማው ውይይት የትኛው ነው? አንቀጽ 54 የምክር ቤት አባል የሚገዛው ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለህሊናው ነው ይላል፤ ለፓርቲ ስብሰባ ውሳኔ ነው አላለም። ደግሞ አባሉ ህሊና እንዳለው አይተናል። የካቲት 5 ቀን 2012 የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ሲጸድቅ ወደ 300 የሚጠጉ ድጋፍ ሲሰጡ 23 አባላት እጃቸውን ለተቃውሞ አንሥተዋል። የተቃወሙት ሰዎች ጥርጣሬ በዚያ ቀን በአዳራሹ አልተወለደም። ኮሚቴው ሥራው መግባባትን ማምጣት ነው ብሎ ስለሚያምን ግን ልዩነትን እንደ ጉድለት ይቆጥረዋል፤ ሪፖርቱ ለስላሳ ሆኖ ይወጣል፤ ሕግ የሚሰነጠቀው ደግሞ ሪፖርቱ ባለሰለሰበት በኩል ነው።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆን ታሪክ አለን። በ2001 የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 እና የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 ወጡ። ሁለቱም በኮሚቴ ታይተው፣ ይጽደቁ ተብሎ ቀርበው የጸደቁ ናቸው። ዓሥር ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በ2011 እና በ2012 ያው ምክር ቤት በአዋጅ ቁጥር 1113 እና 1176 ሁለቱንም ሻራቸው። መታረሙ መልካም ነው። ግን በመጀመሪያው ጊዜ «በዝርዝር ያየው» ኮሚቴ ያላየው ምን ነበር? ወይስ አይቶ ዝም አለ? በመካከሉ ስንት ማኅበር ተዘጋ፣ ስንት ጋዜጠኛ ታሰረ። የመጀመሪያውን ሪፖርት ከሁለተኛው ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ «እዚህ ጋ ተሳስተን ነበር» ያለ ኮሚቴ አላስታውስም።

የሚገርመኝ ይህ ልማድ የሰፈረው በየት አገር ላይ እንደሆነ ነው። ድሬዳዋ ከሁለት ታላላቅ የክርክር ሸንጎዎች መካከል ተቀምጣለች። በአንድ ወገን የኢሳ ሶማሌ ሔር ኢሴ አለ፤ አርባ አራት ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው እንዳወጡት የሚነገር፣ በቃል የሚጠበቅ ሕግ፤ በኅዳር 2017 ዩኔስኮ መዝግቦታል። በሌላው ወገን የገዳ ሥርዓት አለ፤ በኅዳር 2009 የተመዘገበ፣ ለምዕራብ ሐረርጌ ኦሮሞ በኦዳ ቡልቱም ጥላ ሥር ሕግ የተመከረበት። እነዚህን ሸንጎዎች ማስዋብ አልፈልግም፤ ሴቶች ከክቡ ውጭ እንደተቀመጡ አውቃለሁ። በአንድ ነገር ግን ይበልጡናል። የተቃወመ ሰው በስሙ፣ በሰው ፊት ይቃወማል፤ መልስም በሰው ፊት ይሰጠዋል፤ ጉዳዩ ካልበሰለ ለነገ ይቀጠራል። እዚህ ከተማ በርጫ ላይ የተቀመጡ አራት ሰዎች እንኳ ስለ አንድ የባጃጅ ታሪፍ ከዘጠኝ ሰዓት እስከ ምሽት ሲከራከሩ፣ አንዱ «አቦ፣ መልስልኝ እንጂ!» ሳይል አይነሣም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም፤ አዲስ ተቋምም አያሻም። ኮሚቴው በሪፖርቱ ላይ አንድ ምዕራፍ ይጨምር፤ ማን መጣ፣ ምን አለ፣ የቱን ተቀበልን፣ የቱን ጣልን፣ ስለምን። ከአባላቱ የተለየ ሐሳብ ያለው ካለ ስሙና ምክንያቱ ይታተም። ሥራው አስቀድሞ ተጀምሮ ሕጉ የመጣው በኋላ ከሆነ ይኸው በሪፖርቱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በግልጽ ይነገር፤ «ለዝርዝር እይታ» ከሚባል «ለማጽደቅ» ይባል። ድሬዳዋን በሚነካ ረቂቅ ላይ ደግሞ ኮሚቴው ተነሥቶ ይምጣ፤ ከዚራ አዳራሽ አይጠፋም። ውይይቱም ከተማው በሚናገርበት ቋንቋ ይሁን፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ።

ያ ቀን ከመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ ምናልባት ስለ ረቂቁ አይሆንም። ከኋላ ወንበር አንድ አዛውንት ኩፊያቸውን እያስተካከሉ ይነሡና፣ አርባ፣ አርባ፣ ሃያው ስንተኛው አንቀጽ ላይ እንደተጻፈ ይጠይቃሉ። ሰብሳቢው የሚመልሱትን ለመስማት እኔ በጠዋት ሄጄ ከፊት ወንበር እይዛለሁ።